ከፔሻዋር የተመለሰው ቀለበት

የጥሩሰው አስከሬን ዓርብ ጠዋት ወደ አሸተን ማርያም ገዳም ከሚያወጣው መንገድ በታች፣ ገደል ስር ተገኘ። ኢንስፔክተር እድላዊት ስትደርስ ግንባሩ በድንጋይ ተሰንጥቋል። ኮቱ ደረቅ ነው፤ ከኮቱ ስር ግን ሸሚዝም ሹራብም የለም። በላስታ ብርድ ኮት በባዶ ገላው የሚለብስ ሰው አይታ አታውቅም። በጣቱ ላይ የብር ቀለበት ነበር፤ ፈርጡ እንደ መስኮት መስታወት የጠራ። አወለቀችውና በወረቀት ጠቀለለችው።

ጥሩሰው የታሪክ መምህር ነበር። ማስተማሩን ከተወ ወዲህ ከጓደኛው ከሚኪ ጋር ኦፓል የተባለውን የደላንታ የከበረ ድንጋይ ይነግድ ነበር። ሚኪ ድንጋዩን በግቢው ውስጥ ቆርጦና አለስልሶ ያሽጋል፤ ጥሩሰው በራሱ ስም ወደ እስያዋ ከተማ ፔሻዋር ይልካል። በቅርቡ እዚያው ድረስ ሄዶ ተመልሷል። እሑድ በእትዬ ብርቅዬ የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ስለዚያች ከተማ ሊናገር ሰው ጠርቶ ነበር።

ባለቤቱ ሰርካለም ቤቷ ውስጥ እንግዳ የምትቀበል ይመስል ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሚኪ አጠገቧ አንገቱን ደፍቷል።

«ከተመለሰ ወዲህ እንዴት ነበር?» አለች እድላዊት።

«ዝምተኛ ሆነ። የሚያወራው ስለ ከተማዋ ብቻ ነው። ኸይበር ከሚባለው የተራራ ማለፊያ ግርጌ ናት፤ ከመካከለኛው እስያ ወደ ሕንድ የሚወርድ የነጋዴ ቅፍለት ሁሉ እዚያ ያርፍ ነበር አለኝ። ነገሥታት መናገሻ አድርገዋት ነበር፤ የቡድሃ አማኞችም ሩቅ አገር ድረስ ዝናው የተሰማ ማማ ሠርተውባታል። ነጋዴ ሻይ እየጠጣ የሩቅ ወሬ የሚሰማበት የተረት ነጋሪዎች ገበያም አላት። ግን ያኖራት ግንቧ አይደለም ይል ነበር። የአገሩ ሰዎች፣ ፓሽቱኖች፣ ቤታቸው የገባን እንግዳ አይነኩም፤ ያኖራት ይህ ነው ይላል። እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

እድላዊት ወረቀቱን ፈታችው።

«ይህ የእሱ አይደለም» አለች ሰርካለም። «የእሱ ወተት ይመስላል፤ ሲያዘነብሉት አረንጓዴና ቀይ ይጫወትበታል። የጋብቻችን ቀለበት እኮ ነው! እጁን ሲታጠብ እንኳ ያወልቀዋል። ውሃ አስነክቶት አያውቅም።»

ሚኪ ቀና አለ። «ሰርክዬ፣ እኔ አፌን ይዤ ልቀር ነበር። ዋናውን ፈርጥ ፔሻዋር ሸጦታል። ይህ መስታወት ነው። ላንቺ መንገር አሳፍሮት ነው።»

ሰርካለም እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«መስታወት ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?» አለች እድላዊት።

«ኢንስፔክተር፣ ድንጋይ ስዳብስ ነው ያረጀሁት። ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።»

ግቢው ውስጥ ቄስ ሰማኸኝ ቆመው አገኘቻቸው። «ልጄ፣ ራሱን ከጣለ ፍትሐት አናደርስለትም። ከቤተ ክርስቲያኑም ቅጽር አይገባም።»

«ራሱን ጣለ ያለዎት ማን ነው፣ አባ?»

«ሚኪ ነዋ። እያለቀሰ ነገረኝ። ለማንም እንዳልናገርም ለመነኝ።»

«ለስንት ሰው ይሆን እንዲህ የለመነው?» አለች።

የሟች ወንድም ከፋለ በር ላይ ያገኛት እንደተቆጣ ነበር። ሐሙስ ከወንድሙ ጋር ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶታል።

«አዎ፣ ጮኼበታለሁ» አለ። «‘የላክነው ድንጋይ ግማሹ በቀለም የተነከረ ማጭበርበሪያ ነበር’ አለኝ። ፔሻዋር ያለው አዛውንት ነጋዴ ይህን እያወቀ አልጋውን ለቆለት አስተኝቶታል። እሑድ በሰው ፊት እናገራለሁ አለ። የነከረው ማን ነው ስለው እምቢ አለኝ። ‘መጀመሪያ ራሱ እንዲናገር ልለምነው’ ብሎ ሄደ። በዚያው ቀረ።»

የሚኪ ጎረቤት እትዬ ብርቅዬ ደግሞ ሳትጠየቅ ጀመረች።

«እኔስ ተናድጄ ነው የዋልኩት! ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት አልፎታል፤ በጀሪካን እየተለማመንን ነው። ዛሬ ማለዳ ብወጣ የሚኪ ግቢ ጎርፍ ሆኗል። የማጠራቀሚያውን ውሃ ደፋው! ቆሻሻ ገብቶበት ነው ይለኛል። ለልብስ ማጠቢያ እንኳ አይሰጠኝም? ጥጋብ ነው እንጂ!»

«ምን ዓይነት ማጠራቀሚያ ነው፣ እትዬ?»

«በሲሚንቶ የተሠራ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ። ድንጋይ የሚያለሰልሰው እዚያው አጠገቡ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት እድላዊት ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀቱን ፈታች። ፈርጡ ነጥቷል። ወደ መስኮቱ ስታዘነብለው ከውስጡ አረንጓዴ ፈለቀ፤ ቀዩም ተከተለ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ተነሳች።

አምስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ ጥሩሰው በእጁ የሳለው የፔሻዋር ካርታ ተሰቅሏል።

«ንግግሩን እርስዎ ሊያቀርቡት ነው እንዴ?» አለ ሚኪ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«እሱ ሊል ያሰበውን እሞክራለሁ።» ቀለበቱን ለሰርካለም አሳየቻት። «ያውቁታል?»

ሰርካለም ከወንበሯ ተነሳች። «ይሄ ነው። የት ተገኘ?»

«ትናንት ያሳየሁዎ ራሱ ነው። ከጣቱ ነው ያወለቅሁት።» ቀለበቱን ብርጭቆው ውስጥ ጣለችው። «አሁን ስናወራ እየተመለከታችሁት ቆዩ። ጥሩሰው ኮቱን በባዶ ገላው ለብሶ ነበር። ሰው ልብሱን አውልቆ ኮቱን መልሶ አይለብስም፤ ልብሱ ካልራሰ በቀር። ግን እዚያ ገደል ስር ውሃ የለም። በከተማውም የለም፤ የነበረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቱም ሰው ሁሉ በተጠማበት ሳምንት ደፋው። ሰው የሞተበትን ውሃ ማን ይጠጣል?»

እትዬ ብርቅዬ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቆሻሻ ነበረበት አልኩ እኮ!» አለ ሚኪ።

«ሐሙስ ከሰዓት ጥሩሰው ራስህ እንድትናገር ሊለምንህ መጣ። ኮቱን ሰቀለ። ጎንበስ ሲል ከወገቡ በላይ ማጠራቀሚያው ውስጥ ደፈቅኸው፤ እስኪመሽም እዚያው ተውከው። ከዚያ የራሰውን ልብስ ገፍፈህ፣ ኮቱን አልብሰህ፣ ድንጋይ በምትጭንበት በቅሎ ወስደህ ጣልከው። ቀለበቱን ረሳኸው።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው።»

«ብርጭቆውን እዩ» አለች እድላዊት።

ሁሉም ጠጋ አሉ። ፈርጡ ቀለሙን ጥሎ ነበር፤ በውሃው ውስጥ ብሩ ብቻ በግልጽ ይታያል።

«የደላንታ ኦፓል ውሃ ሲጠጣ እንዲህ ይጠራል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ዓይኑን ጨፍኖ ድንጋይ የሚለይ ሰው ይህን አያጣውም። ታዲያ ለምን መስታወት ነው አልክ? ኦፓል ነው ብትል ‘ማን አረጠበው?’ ብዬ ስለምጠይቅ ነው። ውሸቱ ደግሞ ለሌላም ጠቀመህ። ቀለበቱን የሸጠ ባል አፍሮ ራሱን ይጥላል፤ ፍትሐት የተከለከለ ሰው ደግሞ ስለ አሟሟቱ ብዙ አይጠየቅለትም።»

አንድ ፖሊስ በሩን ከፍቶ ገባ። ከሚኪ ግቢ፣ ከድንጋይ ከረጢት ስር ያወጣውን ሰማያዊ ሹራብ ይዟል፤ ገና አልደረቀም።

ሚኪ ሹራቡን አየና ቁጭ አለ። «እሑድን እንዲያሳልፍልኝ ብቻ ነበር የለመንኩት» አለ። «ከሥራ አስወጣኝ፣ ስሜን ብቻ ተው አልኩት። ‘እንግዳ አድርጎ ላስተኛኝ ሰው ምን ልበለው?’ አለኝ።»

ከፋለ ሊነሳበት ሲል ሰርካለም እጇን አነሳችና አስቆመችው። ሚኪ ፊት ቆመች። እሱ ሠርጋቸው ላይ ሚዜ ነበር።

«ቀለበታችንን ሸጠው አልከኝ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ከመቀበሩ በፊት አንዲት ሌሊት ነበረችን። ተቀይሜው አደርኩባት።»

ሚኪ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ቄስ ሰማኸኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፍትሐቱ ይደረጋል፣ ልጄ። እኔው ራሴ አደርሳለሁ።»

እድላዊት ቀለበቱን ከብርጭቆው አውጥታ በመሐረብ ጠራረገችው። «ለማስረጃ እፈልገዋለሁ። እስከ ቀብሩ ግን እርስዎ ጋ ይቆይ።»

ሰርካለም በአውራ ጣቷ አደረገችው። ፈርጡ አሁንም ባዶ ነበር፤ የቆዳዋ መስመር በውስጡ ይታያል። ከፋለ አዘነላት።

«ቀለሙ እስኪመለስ ጥቂት ይቆያል፣ እቴ» አላት።

«ይቆይ» አለች ሰርካለም። «አሁን እንደሚመለስ አውቃለሁ።»