የኦትሶ ድርሻ

ሐሙስ ስለሆነ የትምህርት ቤቱ ምሳ እንደ ልማዱ የአተር ሾርባ ነበር። ቬንላ ማንኪያዋን ወደ አፏ ስታስጠጋ የሒሳብ መምህሯ ሪታ ወንበር ላይ ወጥታ አጨበጨበች። የመመገቢያ አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

«አንዴ ስሙኝማ! ሳካሪ፣ ተነስ እንጂ፣ አትሽኮርመም» አለች ሪታ። «በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ይፈልጋሉ። ከእነሱ ጋር እየሠራ ይሄ ልጅ አንድ ሙሉ ድርሻ ጨርሷል። ብቻውን! ለበጋው የሒሳብ ካምፕም ተጠርቷል።»

ሳካሪ ጆሮው ቀልቶ ተነሳ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ከኋላ አንዱ «ኧረ ፕሮፌሰር!» ብሎ ጮኸ፣ ሳቅ ሆነ።

ቬንላ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ለቀቀችው። ያ ድርሻ የወንድሟ የኦትሶ ነው። ኦትሶ ከገና በፊት ሞቷል፤ የደም ካንሰር ነበረበት። ድርሻው እንዳላለቀ ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። በቀብሩ ዕለት ዘመድ አዝማዱ ሳሎን ተቀምጦ ሲያንሾካሹክ፣ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ መልበሻ ክፍል የሚመጣው የኦትሶ ኮምፒውተሮች ማራገቢያ እዝዝታ አላስችላት አለ። ሄዳ ሶኬቱን መዝዛ ጣለችው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካቸውም።

ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ምንም ሳያስተርፍ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው፤ ይሄን ሁሉም ይማራል። እነ ኦትሶ የሚፈልጉት ግን ቢጻፍ መጽሐፍ የሚሞላውን ዓይነት ነበር። አንዱን እንዲህ ያለ ቁጥር ለመፈተን ኮምፒውተር ቀንና ሌሊት መልፋት አለበት። ስለዚህ ቁጥሮቹ ከመፈተናቸው በፊት እንደ ዱቄት ይነፋሉ። አካፋይ የተገኘለት ይወድቃል፣ ያልተገኘለት በወንፊቱ ላይ ይቀርና ለፈታኞቹ ይተላለፋል።

«እኛ ብቸኛውን ቁጥር አናገኘውም» ይላት ነበር ኦትሶ። «የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው። እኛ ያ ሰው በከንቱ እንዳይለፋ እንክርዳዱን እንለቅምለታለን።»

«ታዲያ አንተ ምን ትጠቀማለህ?»

«ምንም። ክፍሉ ይሞቃል፣ ያንቺም ጓንት ይደርቃል።»

ድርሻ የሚያዘው በቃል ነው። አንዱ በበጎ ፈቃደኞቹ ገጽ ላይ «ከዚህ እስከዚህ የእኔ» ብሎ ስሙን ያኖራል፣ ሌላው አይደርስበትም። ሲጨርስ የወደቁትን ሁሉ በአንድ ላይ ይልክና «ጨረስኩ» ይላል፤ ይታመናል። ተመልሶ የሚነፋ የለም። ድምፁ ለረጅም ጊዜ የጠፋ ሰው ግን ድርሻው ለሌላ ይከፈታል። ኦትሶን ሆስፒታል ተኝቶ ያስጨነቀው ይሄ ነበር። እስከዚያ ያገኘውን ለቅርብ ጓደኛው ለሳካሪ ሰጠውና «በእኔ ስም ጊዜ አስጨምርልኝ፣ ስወጣ እጨርሰዋለሁ» አለው። ቬንላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰምታለች።

ከትምህርት በኋላ ሳካሪን ብስክሌት ማቆሚያው ጋ አገኘችው። የኮርቻውን በረዶ በክርኑ እየጠረገ ነበር።

«የማንን ድርሻ ነው የጨረስከው?»

«ሰላም ማለት ቀረ?»

«የማንን?»

ሳካሪ ግራ ቀኙን አየ። «ሊከፈት ነበር እኮ። የሆነ ሰው ሊወስደው ነበር። ያተረፍኩት እኔ ነኝ።»

«በእሱ ስም አትርፈው ነው ያለህ።»

«ለሞተ ሰው ጊዜ አይጨመርም፣ ቬንላ! ምን ልበላቸው?»

«ሞተ በላቸዋ! የቀረውንስ የት ነፋኸው?»

«ቤት። በእኔ ማሽን።»

«በዚያች ጌም በምትጫወትባት?»

«አዎ፣ በእሷ። ችግር አለ?» ብስክሌቱን ወደ መንገዱ ገፋ። «ደግሞ ስለዚህ ነገር ምንም አታውቂም። ጓንት ማድረቂያ እያልሽ አልነበር የምትቀልጂበት?»

እውነቱን ነበር፤ ትቀልድበት ነበር። ይበልጥ ያቃጠላትም ይሄው ነው። ቤት እስክትደርስ ድረስ በሐሳቧ አዋረደችው። አዳራሹ መሐል አቁማ፣ ሾርባው ፊቱ ላይ ሲፈስ፣ ሪታ ወንበሩ ላይ ሆና ስታየው።

ቅዳሜ ሶኬቱን መልሳ ሰካች። ማራገቢያዎቹ አቧራ ተፍተው መዞር ጀመሩ፤ ስክሪኑ ላይ የኦትሶ ስም በራ። እንዴት እንደሚያስነሳቸው አሳይቷት ነበር። ሥራውን እሱ ካቆመበት አላስጀመረችውም። ከድርሻው መጨረሻ፣ እሱ ፈጽሞ ካልደረሰበት ቦታ አስጀመረችው። ሐሳቧ ቀላል ነበር፦ ሳካሪ በእውነት ነፍቶት ከሆነ፣ አሁን የሚወድቅ ቁጥር ሁሉ ቀድሞ የወደቀ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ቁጥር ከሰዓት በኋላ ወደቀ። ቬንላ ገጹን ከፍታ ፈለገችው። በሕይወት አለ። ለመፈተን ተራውን ይጠብቃል። አካፋዩን ደግማ አስሞከረችው፤ ቅንጣት ሳያስተርፍ ተካፈለ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷም ደስ አላላትም።

«ቬንላ፣ ምድጃውን ላበራ ነው» አለ አባቷ ከውጭ።

የሳውናው ምድጃ ሲበራ ፊውዙ ኮምፒውተሮቹን አብሮ አይችልም። ኦትሶ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጠፋቸው ነበር። አባቷ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ በሩን ከፈተና እዚያው ቆመ። እዝዝታውን አዳመጠ።

«በርተዋል» አለ።

«አዎ። ላጥፋቸው?»

«ተያቸው። ሳውናው ይቅር።»

አባቷ የቅዳሜ ሳውና ሲቀር አይታ አታውቅም፤ በቀብሩ ሳምንት እንኳ አልቀረም። ወንበር ስቦ፣ ፎጣው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። ምን እንደምትሠራ አልጠየቃትም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲወድቁ አብረው ነበሩ።

ማታውኑ ኔዘርላንድ ላለው የፍለጋው አስተባባሪ፣ ለዮፕ፣ ስም ሳትጠራ ጻፈችለት፦ አንድ ሰው ሳይነፋ «ጨረስኩ» ቢል ምን ይደረጋል? መልሱ እሑድ ደረሰ። «ራሱ ቀድሞ ከተናገረና ያልሠራውን ለይቶ ካሳየ ያ ብቻ ይደገማል። ከተደረሰበት ግን የላከው ሁሉ ይጣላል፣ ድርሻው ለሌላ ተሰጥቶ ከዜሮ ይነፋል፣ ስሙም ይሰረዛል። ማነው?»

ስሙም ይሰረዛል። ቬንላ ይህቺን ደጋግማ አነበበቻት፤ ጣፈጠቻት። የሳካሪን ስም መጻፍ ጀምራ ግማሽ ላይ እጇ ቆመ። የላከው ሁሉ። ሳካሪ ከላከው ውስጥ አብዛኛው ኦትሶ ያገኘው ነው፤ ጸጉሩ ረግፎ፣ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ እየተንቀጠቀጠ ያገኘው። የጻፈችውን አጠፋችው። ሌባው ከሰረቀው ዕቃ ጀርባ ተደብቋል።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ወዳለው የመንሸራተቻ ክለብ ሜዳ ሄደች። ሳካሪ በትልቅ አካፋ በረዶ እየገፋ ነበር። ስልኳን አፍንጫው ስር ያዘችለት።

«ሦስት ናቸው። ያለቀ ከምትለው ድርሻ ውስጥ። መውደቅ ነበረባቸው፣ አልወደቁም።»

አየ። ጓንቱን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። «ማሽኔ ተሳስታ ይሆናል።»

«ሦስት ጊዜ? ኧረ ሼም ይኑርህ!»

ሳካሪ አካፋው ላይ ተደገፈ። ድምፁ ወረደ። «ልሠራው ነበር እኮ። ስከፍተው ግን እሱ ያቆመባት ቦታ ላይ ነው የሚከፍተው። የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ። አልቻልኩም፣ ገባሽ? ዘጋሁትና ጨረስኩ አልኩ።»

ቬንላም ሶኬቱን የነቀለችው በዚሁ ምክንያት ነበር። ይህን ማወቋ ግን አላለዘባትም፤ ከሰው ሁሉ መርጦ ሐዘኗን የሚጋራት እሱ መሆኑ አንገበገባት። እሷ ነቀለች እንጂ ጨረስኩ አላለችም።

«ደግሞ ማን ተጎዳ?» አለ ሳካሪ። «ብቸኛው ቁጥር አልጠፋ። ትንሽ እንክርዳድ ቀረ፣ በቃ። የሆነ ሰው ኮምፒውተር ሁለት ሦስት ቀን በከንቱ ያልበዋል።»

«ኦትሶ የኖረው ለዚያ ሰው ነበር፤ አንተ ግን ትስቅበታለህ።»

«ለዮፕ ልትነግሪው ነው?»

«ብነግረው የኦትሶንም አብሮ ይጥለዋል።»

ሳካሪ ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ ተስፋ መጣ። «እንግዲያው ቁጥሮቹን ላኪልኝ። ደግሜ አስኬድኩት እልና…»

«ዝም በል!» ልጆቹ መንሸራተታቸውን አቁመው ዞሩ። ቬንላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የቀረውን እኔ እነፋዋለሁ። በእሱ ማሽን፣ በእሱ ስም። በወደቀው ቁጥር ሁሉ አጠገብ የኦትሶ ስምና ቀኑ ይወጣል። አልቋል በተባለ ድርሻ ውስጥ ቁጥር ሲወድቅ የሚያይ ሰው፣ አንተን ነው የሚጠይቀው።»

«መቼ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ነገ ይሆናል። ካምፑ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት ይሆናል። ከቻልክ ዮፕ ሳያየው ቀድመህ ንገረው።»

«ጨካኝ ነሽ፣ ቬንላ።»

«ነኝ» አለችና ሄደች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ የመልበሻው ክፍል በብርቱካን ብርሃን ተሞልቷል። በመንገድ ላይ ሁሉንም አስባ ጨርሳለች። በቀን አንድ ብቻ ትልካለች። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሁለተኛውን፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛውን። ሳካሪ ጠዋት ጠዋት ገጹን ከፍቶ፣ ማን አይቷል እያለ፣ ቁርሱ አልዋጥ እያለው። ክረምቱን ሙሉ እሷም ምግብ አልዋጥ ብሏት ከርማለች።

የመጀመሪያውን ላከች። የኦትሶ ስም በአዲስ ቀን ገጹ ላይ ወጣ። ለረጅም ጊዜ አየችው።

ሁለተኛውን ለነገ ከማስቀመጧ በፊት አሁንም በሕይወት መሆኑን ልታረጋግጥ ፈለገችው። ነበረ። ግን አጠገቡ ትናንት ያልነበረ ነገር ተጽፏል፦ በመፈተን ላይ። ኖርዌይ ያለ፣ የማታውቀው ሰው፣ ዛሬ ጠዋት አንስቶታል። ማሽኑ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ቤቱ ውስጥ የሆነ ጥግ ላይ እየሞቀ ይለፋል። ሁለተኛው ለነገ ቢቀመጥ እስከ ነገ በከንቱ ይለፋል።

ሦስቱ በአንድ ቀን ከወጡ ዮፕ ቶሎ ማየቱ አይቀርም። ለሳካሪ የቀረው ጊዜ ያጥራል። እሱ ካልቀደመ ደግሞ የኦትሶ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ጣቷን ሰሌዳው ላይ አሳርፋ ማራገቢያዎቹን አዳመጠች።

ሁለተኛውን ላከች። ሦስተኛውንም አስከተለች።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ አግዳሚው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳካሪ ነው። አላነሳችውም፤ የሚለው ካለ የሚለው ለዮፕ እንጂ ለእሷ አይደለም። ስልኩን በፊቱ ደፍታ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋችና ቀጣዩ እስኪወድቅ መጠበቅ ጀመረች።