ደጋግማ የምትነጋ ቀን

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። ንድፍ አውጪው ከፊልም ማያው ክፍል በር ሥር በጎኑ ተጋድሟል። አንድ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል፤ በሌላው የአስም ፓፉን ጨብጧል። ፊልሙ አልቆ ግድግዳው ላይ ባዶ ሰማያዊ ብርሃን ቀርቷል።

«አስም ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ብዙ የሚያመራምር ነገር የለውም።»

የሥራ ባልደረቦቿ «እመት ለምን» ይሏታል። ጎንበስ አለችና የጨበጠውን እጅ ትኩር ብላ አየች።

«የፓፉ ክዳን ለምን አልተከፈተም?»

ሐኪሙ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

«ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች ሰው መድኃኒቱን ይዞ ክዳኑን ሳይከፍት ይሞታል? ነፍቶበትስ ከሆነ፣ መልሶ የሚከድንበትን ልብ ከየት አመጣው?»

የወንበሩን መደገፊያ በጣቷ ዳበሰችው፤ ጣቷ አቧራ ይዞ ተመለሰ። ወጥታ በሩን ዘጋችና ከውጭ በኩል ያለውን መቀርቀሪያ ነካካችው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን በሩ በነፋስ እንዳይንገጫገጭ የተገጠመ ነው።

ቢሮው ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ያለ ባለ ሦስት ክፍል ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠሩት አራት ሰዎች ነበሩ፦ ሟቹ፣ ፕሮግራመሩ፣ ሠዓሊዋ፣ እንዲሁም ጽሕፈቱንና ቁልፉን የያዘችው የሟቹ ታላቅ እህት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሁሉም «እትዬ» ይሏታል።

መርማሪዋ መጀመሪያ ፕሮግራመሩን ጠየቀችው። ጉንጩ አብጧል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል። ዛሬ ጠዋት ግን ጥርስ ሐኪም ጋ ነበርኩ። ምስክር ከፈለጉ የተነቀለው መንጋጋዬ ኪሴ ውስጥ አለ።»

«ጠባችሁ በምንድን ነው?»

«ሴት ልጁ የሞተችው ከግቢ ወጥታ፣ መኪና ገጭቷት ነው። እሱ ሥራ ላይ ነበር፤ እትዬ ናቸው የሚጠብቋት። ከዚያ ወዲህ ሚስቱም ጥላው ሄደች። እሱ ግን ያችን ቀን ጨዋታ አደረጋት። ተጫዋቹ አባትየውን ሆኖ ቀኗን ደጋግሞ ይኖራል። ቀድሞ ይነሣል፣ ሥራ ይቀራል፣ በሌላ መንገድ ይመጣል፤ ልጅቷ ያው ትሞታለች።»

«ፊልሞቹስ?»

«አንዱ ቀን የሚመላለስባቸውን፣ በአንዲት ምርጫ ታሪኩ ለሁለት የሚከፈልባቸውን ፊልሞች እየፈለገ ያያል። በየድግግሞሹ ምን እንደ ተለወጠ ይለቅማል። ‹ፊልም ላይ የሚሳሳተው ሌላ ሰው ነው፤ ጨዋታ ላይ ግን ጣቱ ያንተ ነው› ይለኝ ነበር። እኔ ልጅቷ የምትድንበት አንድ መንገድ እንኳ እንሥራ አልኩት፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ ጨዋታውን ይተወዋል ብዬ። ‹እኔ የት ሄጄ ልተወው?› አለኝ።»

«ትናንት አዲስ ነገር አልተናገረም?»

«ተናግሯል። አንዱ ቀን በየሰዉ ዓይን እንደገና የሚተረክባቸው ፊልሞች አሉ። ‹ከነገ ጀምሮ ቀኗን በእትዬም ዓይን እናያታለን› አለ። ሁላችንም ነበርን።»

ሠዓሊዋ የምትሠራው ከፊልም ማያው ክፍል ጋር በስስ ግድግዳ በምትዋሰነው ክፍል ነው። ጣቷ ላይ ቀለም ደርቋል።

«ፊልሙን ሳትወጂም ቢሆን ትሰሚዋለሽ ማለት ነው» አለቻት መርማሪዋ።

«ምን ላድርግ። አይቼው ግን አላውቅም፤ የልጅቷን ፊት ስስል ነው የምውለው፣ ሐዘን ይበቃኛል። ጠዋት እትዬ እዚያ ክፍል ውስጥ ምንጣፉን ሲመቱ ነበር። እሳቸው ንጽሕና ይወዳሉ። ከዚያ እሱ ገባ፣ ፊልሙ ተጀመረ። ፊልሙ ላይ በነጋ ቁጥር በር ይንኳኳል። ሲንኳኳ አዲስ ቀን ነው እላለሁ።»

«መጨረሻው አካባቢስ?»

«ያው ተንኳኳ። እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ረዘም ብሎ፣ ጠንከር ብሎ። ከዚያ እየደከመ ሄደ። ቀጥሎ የመዝጊያው ሙዚቃ መጣ።» የመርማሪዋን ፊት አየች። «ምነው? ያልሆነ ነገር ተናገርኩ?»

«አይ። ከፊልሙ ድምፅ ሌላ ምንም አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም።»

የእትዬ ጠረጴዛ ከፊልም ማያው ክፍል በር ፊት ለፊት ነው። ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«እግዜር ያጽናዎት» አለቻት መርማሪዋ። «ከዚህ ተነሥተው ነበር?»

«ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አላልኩም። ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም።»

«ምን ሰሙ?»

«ፊልሙን ነዋ። ስንት ጊዜ አብሬው አይቼዋለሁ። በር ይንኳኳል፣ ይነጋል፤ በር ይንኳኳል፣ ይነጋል። መጨረሻ ላይ ጸጥ አለ፤ ማንም አላንኳኳም። ሙዚቃው መጣና አለቀ። አልወጣ ሲለኝ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል ብዬ ከፈትኩት። ወንድሜ።»

መርማሪዋ በማግስቱ ያንኑ ፊልም ብቻዋን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በፊልም ማያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። በሩ አጠገብ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል» ብላ ጀመረች። «ፓፉ ሙሉ ነው፣ ክዳኑም አልተነካም። ስለዚህ በሕይወት ሳለ እጁ ላይ አልነበረም። አንድ ሰው ወስዶበት፣ ከሞተ በኋላ አስጨብጦታል። ወንበሮቹን ሁሉ አቧራ ወርሷቸዋል። አስም ያለበት ሰው የሚቀመጥበት ዝግ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ አይመታም፤ ያሳደገችው እህት ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።»

«አላሰብኩትም» አለች እትዬ ቀስ ብላ።

«ይሁን። ፕሮግራመሩ በዚያ ሰዓት እዚህ እንዳልነበረ ጥርስ ሐኪሙ አረጋግጦልኛል። ቀሪዎቹ ሁለታችሁ ናችሁ። ፊልሙ ላይ በር በየቀኑ ይንኳኳል፤ በመጨረሻው ቀን ግን አይንኳኳም። ሰውየው ቀድሞ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ሠዓሊዋ ይህን አታውቅም። መጨረሻ ላይም ሲንኳኳ ሰምታለች፣ ጠንክሮ፣ ከዚያም እየደከመ።»

ሠዓሊዋ ቀለም የነካው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እሱ ነበር?» አለች። «እሱ ነበር የሚያንኳኳው? እኔ እኮ…»

«አንቺ አላወቅሽም። ገዳይዋ ብትሆኚ፣ ሁሉም በሽታ ነው እያለ ‹ሲንኳኳ ሰማሁ› ብለሽ ጣጣ በራስሽ ላይ ባልጎተትሽ።» ወደ እትዬ ዞረች። «ሰው ክፍት በር አያንኳኳም። ከውጭ ተቀርቅሮበት ነበር። እርስዎ ከበሩ ፊት ንቅንቅ አላልኩም ብለዋል፤ ማንም አልገባም ብለዋል። ግድግዳ ወዲያ ያለችው የሰማችውን፣ በሩ ላይ የተቀመጡት አልሰሙም። እትዬ፣ እርስዎ የነገሩኝ ፊልሙን ነው። እሷ የነገረችኝ የሆነውን ነው።»

እትዬ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

«እንቅልፍ ወሰደኝ» አለች በመጨረሻ። «ያን ቀን። ወንበሩ ላይ። የግቢውን በር ሳልዘጋ። ስነቃ ጩኸት ነው። ዘግቼው ነበር፣ ራሷ ከፍታ ነው ብዬ ማልኩለት። ከትናንት ወዲያ ቀኗን በዓይኔ ሊያያት እንደሆነ ሲነግረኝ፣ ያየሁትን ማን ሊነግረው ነው? እኔ ነኝ። ኮቱን ሰቅሎ ሲገባ ፓፉን ከኮቱ ኪስ አወጣሁ፤ በሩንም ቀረቀርኩበት። ሲያንኳኳ ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ‹እትዬ› አለኝ። ሁለተኛ አልደገመውም፤ ትንፋሽ አልነበረውም።»

ፕሮግራመሩ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ግድግዳው ላይ አበራው።

«ማየት አለብዎት» አላት እትዬን። «ይህን የጨዋታውን ክፍል አስቀድሞ ነው ያሠራኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር። ከትናንት ወዲያ የተናገረው እርስዎን ለማዘጋጀት ነው።»

ግድግዳው ላይ ግቢው መጣ፣ በአንዲት ሴት ዓይን የታየ። ልጅቷ ኳስ ይዛ ትሮጣለች። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከዚያ ሥዕሉ ከላይና ከታች መጥቆር ጀመረ፤ ዓይን እየተከደነ ነው። ፕሮግራመሩ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካ፤ የሚለወጥ ነገር የለም። ጨለመ። በጨለማው ውስጥ የሟቹ ድምፅ፣ ራሱ የቀዳው፣ ቀስ ብሎ መጣ፦ «እትዬ፣ ደክሞሽ ነበር። አውቃለሁ። ተኚ።»

እትዬ ግድግዳውን እያየች ቀረች። ፖሊሱ ሊጠጋ ሲል መርማሪዋ በእጇ አቆመችው።

«ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል?» ስትል እትዬ ፕሮግራመሩን ጠየቀችው።

«ምንም» አላት። «ከዚህ በኋላ ያለውን አልሠራነውም።»