የተለጠጠው ቻርት

የሙናዊር አስከሬን የተገኘው ከጠዋቱ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዱባይ ተራ ካለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጀርባ ነው። ኢንስፔክተር እስከዳር ስትደርስ መርካቶ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ልጁ ከአራተኛ ፎቅ ራሱን ወርውሯል። መርካቶ ለዋጋ ይከራከር እንጂ ለሰው ስም መቼ ይከራከራል!

እህቱ ሱሀይር ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀቻት።

«እናቴ ሰምታለች። ‹ልጅሽ ራሱን ገደለ› ብለው ነግረዋታል። ሞቱን ትችለዋለች፣ እትዬ። ይሄን ግን አትችለውም። በአላህ፣ እውነቱን ይፈልጉልኝ።»

እስከዳር ለሐዘንተኛ ቃል መግባት አትወድም። የዚህችን ልጅ ፊት ስታይ ግን፣ «እፈልጋለሁ» አለች።

ሙናዊር እዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይሠራበት የነበረው ድርጅት የሕፃናት ዱቄት ወተት አስመጪ ነው። የገባውን፣ የተሸጠውንና የቀረውን በየሳምንቱ ዳሽቦርድ በሚሉት የኮምፒውተር ሪፖርት ላይ በቻርት የሚያሳየው እሱ ነበር። ያን ጠዋት ከእሱ ሌላ ቢሮ የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። እስከዳር አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

የሽያጭ ኃላፊዋ ማሂራ ቀድማ ገባች። ዓይኗ ከበሩ አልነቀል አለ።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በቻርት እኮ ነው! የኔን ቻርት ትንሽ ሳብ አድርጌ አሳደግኩት፣ ቢሮውን በአንድ እግሩ አቆመው። ‹ሁሉም ገጽ ላይ መጠኑ እኩል ካልሆነ ዓይን ይታለላል› ይላል። የሰረቅኩት ነው ያስመሰለው!»

ቀጥሎ ሰባተኛ ሰፈር ያለውን የድርጅቱን መጋዘን የሚመራው ነስረዲን ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ቢሮው የሱ ሳይሆን።

«ምስኪን» አለ። «ለአንድ ሚሊሜትር እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ ነበር። ጭንቅላት ደግሞ ይደክማል።»

«ሪፖርቱን አንተም ታየዋለህ?»

«እኔ መጋዘን ነው የምውለው። ጋሼም እኛም የምናየው ሦስት ሰዓት ስብሰባ ላይ፣ እዚህ ግድግዳው ላይ ነው።»

የድርጅቱ ባለቤት ጋሼ ሐምዱ ግን ሲገቡም ተቆጥተው ነው። «ቢሮዬ የሚከፈተው መቼ ነው?»

«ስንጨርስ። ሪፖርቱን የት ነው የሚያዩት፣ ጋሼ?»

«ዓይኔ ደክሟል። ማሂራ ስልኬ ላይ አስገብታልኛለች፣ እያጎላሁ አያለሁ። ይሄ ምን ያደርግልሻል?»

ለእስከዳር ሦስቱም የሚደብቁት ነገር ያለ መሰላት፤ አንዳቸውንም አላመነችም። ሱሀይርን ይዛ ሟቹ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ገጾቹን ስታገላብጥ ቻርቶቹ በምስማር የተመቱ ይመስል ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። አራተኛው ገጽ ላይ ግን ቻርቱ ወደ ቀኝ ዘለለ። ተመለሰች፤ ደግማ ገለጠችው። ዘለለ።

«ወንድምሽ መጠኑን እንዴት ነበር የሚያስተካክለው?»

«ስፋቱንም ቁመቱንም በቁጥር ይጽፈዋል። በማውስ የሚጎትት ሰው ያናድደው ነበር።»

የሌሎቹ ሁሉ ስፋት 420 ነው። የዚህኛው 613። እስከዳር ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ የተደረገበትን ሰዓት አየችና ሦስቱንም አስጠራች።

ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ስክሪን ፊት ተሰበሰቡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች። «ሙናዊር የተገኘው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ይህ ቻርት የተለጠጠው ሁለት ከሃያ ላይ። የሞተ ሰው ቻርት አይለጥጥም።»

ማሂራ አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ አይደለሁም!»

«ለምን ተለጠጠ? ተመልከቱ።» እስከዳር 613ን አጥፍታ 420 ጻፈች። ቻርቱ ተሰበሰበ፤ ከሥሩ አንድ ሣጥን ብቅ አለ። *ጊዜው ያለፈበት፦ 214 ካርቶን።*

ጋሼ ሐምዱ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ይህ ከጋሼ እንዲደበቅ የፈለገ ሰው አለ። ጋሼ ራሳቸው ቢሆኑ አጥፉት ብለው ያዛሉ እንጂ አይሸፍኑም። ማሂራ መጎተት ታውቃለች፤ ግን ስልካቸው ላይ ያስገባችው እሷ ናት። የስልኩ ገጽ የራሱ አሰላለፍ አለው፤ እዚህ ቢሸፈን እዚያ እንደሚታይ ታውቃለች። ጋሼ ከግድግዳው ሌላ የትም አያዩም ብሎ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ነስረዲን።»

ነስረዲን ሳቅ ሞከረ፣ እምቢ አለው።

«ጊዜው ያለፈበት ወተት የሚሸጠው ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን ሲቀየር ነው፤ የት ነው የተቀየረው? ቁልፉ ያንተ የሆነው መጋዘን ውስጥ አይደለም?»

«ለመንኩት» አለ ነስረዲን። «ያንን ቁጥር ከሪፖርቱ አውጣው ብዬ ለመንኩት። ‹ሕፃናት ናቸው የሚጠጡት፣ ዛሬ ለጋሼ እነግራለሁ› አለኝ። የጀርባው በረንዳ ብረት ጋ ቆመን ነበር... ገፋሁት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ጋሼ ሐምዱ ስልካቸውን ከፈቱ። ሣጥኑ እዚያም ነበር።

«አይቼዋለሁ» አሉ። «ትናንትም ዛሬም አይቼዋለሁ። መጠኑ እንደሌሎቹ ስለሆነ ዝም ብዬ አለፍኩት።»

«እሱ አንዱን ከሌላው አያሳድግም» አለች ሱሀይር። «ለዚህ ነው ማልዶ የመጣው፤ በአፉ ሊነግርዎ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሱሀይር ወደ ኮሪደሩ ወጥታ እናቷ ጋ ደወለች። እስከዳር አጠገቧ ቆማ ስለነበር ሁሉንም ሰማች።

«እማ፣ ራሱን አልገደለም። ሰው ነው የገደለው።»



«አልሐምዱሊላህ» አለች እናትየው፤ ከዚያ እሪ ብላ ማልቀስ ጀመረች።