ፀሐይ ያላየ ቢጫ

ወንድሜ ኦሬስቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ ነፍሰ ገዳይ ስም ደበቀኝ። ገዳዩ የመጽሐፍ ውስጥ ሰው ነው፤ ቂሜ ግን የእውነት ነው።

አባታችን በፖንትሬሞሊ ከተማ ዙሪያ ባሉ ገበያዎች መጽሐፍ አዟሪ ነበር። ቅርጫቱን የምሸከመው እኔ ነበርኩ፤ ከሦስተኛ ክፍል የቀረሁትም ለዚሁ ነው። አባባ የሚወደው ቢጫዎቹን ነበር፤ ሽፋናቸው ቢጫ ስለሆነ የወንጀል ልቦለዶችን ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚላቸው። ከገበያ መልስ ያነብልኛል፤ ትልቅ ሴት ሆኜም ያነብልኝ ነበር። የመጨረሻውን ስናነብ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» አለ። «የለም፣ ወንድሙ ነው» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። አንድ ምዕራፍ ሲቀረን የገጹን ጫፍ አጥፎ ተኛ። በዚያው ሳይነቃ ቀረ።

ቢጫዎቹን ኦሬስቴ ጠራርጎ ወሰደ። ያንን ብቻ ስጠኝና ልጨርሰው ብዬ ስለምነው «አንቺ ስትገልጪው ጀርባው ይሰነጠቃል። ደግሞ ፊደል ስትቆጥሪ እድሜሽ ያልቃል» አለኝ።

እሑድ ዕለት ያንኑ መጽሐፍ ለፋርማሲስቱ ለዶክተር ቱሊዮ በሌላ መጽሐፍ ሊለውጠው እንደሆነ ሰማሁ። ቱሊዮም እንደሱ ቢጫ ሰብሳቢ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጠብቄ፣ ሰው ፊት «ክፍልህን ከነወረቀቱ አነደዋለሁ!» አልኩት። ማክሰኞ ሞቶ ተገኘ።

የካራቢኒየሪ ፖሊሶች አለቃ ማሬሻሎ ጋቫርዲ ወደ ወንድሜ ቤት አስጠራኝ። ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው፣ ሰው ሲያወራ ጫማ ጫማውን የሚያይ ሰውዬ ነው። ወንድሜ በመጽሐፍ ክፍሉ ወለል ላይ ተዘርሯል፤ ጭንቅላቱ በብረት ምድጃው ጠርዝ ተፈንክቷል። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ፊቱ ላይ ነው። ከመስኮቱ ትይዩ ያለው መደርደሪያ ግን ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል፤ እንዳይንሸራተት ጫፉ ላይ ወፋፍራም መዝገበ ቃላት ተጭነውበታል።

«እሷ ናት!» አለች የወንድሜ ሚስት ኒቬስ። «አነደዋለሁ ስትል አገር ሰምቷል!»

«ባነደው ኖሮ ጭሱን ታዪው ነበር» አልኳት።

ማሬሻሎ አፍንጫውን ጠረገ። «ወይዘሮ ኒቬስ፣ ይሄ የመስኮት መዝጊያ ሁልጊዜ ክፍት ነው?»

«ክፍት? ፀሐይ ቢጫውን ያነጣብኛል እያለ እኔንም በጨለማ ቀብሮኝ ኖረ እንጂ! ከገበያ ስመለስ ነው ተከፍቶ ያገኘሁት።»

«ብርድ ልብሱንስ ማን ሰቀለው?»

«እሱ ነዋ። ሲሰቅል ከመሰላሉ ወደቀ።»

«አሁን እኮ እህቱ ገደለችው ብለውኝ ነበር።»

«ገፍታው ይሆናላ!»

ማሬሻሎ ወንበር ላይ ቆመ። የብርድ ልብሱን የላይኛውን ጠርዝ በቅርብ አየና ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስቦ፣ መዝጊያው በጠፍር ሲጎተት ተጠቅልሎ የሚገባበትን የላይኛውን ሳጥን ከፈተ። እጁን ከትቶ ነካክቶ ዘጋው። ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ቢጫ አንስቶ ሰጠኝ።

«የተጣላችሁበት ይሄ ነው?»

ገለጥኩት። አባባ ያጠፈው ገጽ እንደታጠፈ ነው። «እሱ ነው። ሽፋኑ ግን የሱ አይደለም። የራሱን ሽፋን ገበያ ላይ ዝናብ በልቶታል።»

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበሩ፣ ወይዘሮ ኤርሲሊያ?»

«ቤቴ፣ ድንች ስልጥ። ምስክሬ ድንቹ ነው።»

ዶክተር ቱሊዮ ሲጠየቅ ራሱን ነቀነቀ። «ከፋሲካ ወዲህ እዚያ ቤት አልረገጥኩም። ሦስተኛ ክፍል ያልዘለቀችውን ይጠይቋት፤ መጽሐፍ የምትጠላ እሷ ናት።»

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ማሬሻሎ ሦስታችንንም እዚያው ክፍል ሰበሰበን። ተራመደና ብርድ ልብሱን ጎትቶ ጣለው። ፀሐዩ ቢጫዎቹ ላይ ወረደ። ኒቬስ ትከሻዋን ነቀነቀች። ቱሊዮ ግን ከወንበሩ ተስፈንጥሮ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ በጀርባው ጋረዳቸው።

«ምን ነካዎት! ፀሐዩ!»

«እንግዲያው መዝጊያውን ያውርዱት፣ ዶክተር።»

«በምን ላውርደው? ጠፍሩ ተበጥሷል እኮ!»

ኒቬስ ከመስኮቱ አጠገብ የተንጠለጠለውን መጎተቻ ጠፍር አየችው፤ ደህና ነው።

«የተበጠሰው ላይ ሳጥኑ ውስጥ ነው» አለ ማሬሻሎ። «ጫፉን መልሼ የሸጎጥኩት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ከፋሲካ ወዲህ ያልመጣ ሰው በምን አወቀ?»

ቱሊዮ እጆቹን ከመደርደሪያው አወረደ።

«ሟቹ መስኮቱን በገዛ እጁ አይከፍትም። የከፈተው ሽፋኑን በቀን ብርሃን ማየት የፈለገ ሰው ነው፤ በመብራት ሁሉም ቢጫ አንድ ነው። ለዓመታት ያልተነካ ጠፍር ሲጎተት ተበጠሰ፤ መዝጊያው ላይ እንዳለ ተቀርቅሮ ቀረ። ሽፋኑም የውሸት ሆኖ ተገኘ። ተያያዛችሁ፣ ገፉት። የብርድ ልብሱ የላይኛው ጠርዝ ላይ ደም ተጠርጓል፤ ሟቹ ተፈንክቶ ተነስቶ ብርድ ልብስ አይሰቅልም። የሰቀለው ገዳዩ ነው። ወይዘሮ ኒቬስ እነዚህን መጻሕፍት ይጠሏቸዋል። ወይዘሮ ኤርሲሊያ ሊያነዷቸው ዝተዋል። በፀሐይ ቢነጡ ማን ይንገበገባል?»

«የስንት ዘመን ጓደኛዬ!» ብሎ ጮኸ ቱሊዮ። «በጨለማ ውስጥ የተባዛ ሽፋን ሊያሸክመኝ! ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም!»

«ታዲያ እሱን ለምን አልሸፈንከውም?» አልኩት። ኦሬስቴን አልወደውም ነበር፤ ቢሆንም ዓይኑ ፀሐይ ላይ እንደተከፈተ ነው ያገኘሁት።

ቱሊዮ ግራ እንደገባው አየኝ። «ብርድ ልብሱ አንድ ብቻ ነበር» አለ።

ፍርዱ ካለቀ በኋላ መጽሐፉ ለኒቬስ ተመለሰላት። ደጄ ድረስ መጥታ ወረወረችልኝ። «እንኪ! ሽፋኑ ውሸት ነው አሉ፤ ማንም አይፈልገውም።»

በውሸቱ ሽፋን ምድጃዬን ለኮስኩበት። ከዚያ ደረጃው ላይ፣ ፀሐይ መሀል ተቀምጬ፣ መጽሐፉን ጀርባው ቀው እስኪል ድረስ በረገድኩት። ከታጠፈው ገጽ ጀምሬ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ። ድንቹ አረረ፤ አልተነሳሁም።

ወንድሙ ነበር።