ላልመጡት «አቤት» ያለው ጠሪ

የዚያን ቀን ጠዋት የጠሪው ጆሮ ጉም ጠጥቶ ነበር። ፈትለ መሰላሉ ላይ ወጥታ፣ አፏን ቆሎ ሞልታ፣ በጨርቅ ትወለውለዋለች። ሥራዋ ነው። የታችኛው ገደል ትምህርት ቤት ልጆች ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ይንጫጫሉ። ከእግራቸው ሥር የመስታወት ወለል አለ፤ ከወለሉ ሥር ጉሙ ይንከባለላል፤ ከጉሙ ሥር ምን እንዳለ ያየ የለም፣ ግድ የሰጠውም የለም። ከተማው ገደል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሀብታሙ አፋፍ ላይ፣ ድሃው ወደ ታች።

ጠሪ ማለት የያንዳንዱን ሰው ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ ማሽን ነው። ስም ይጠራል፣ «አቤት» ሲባል ይሰማል፣ የሰማውን አፋፍ ላይ ላለው ማዕከል ይልካል። ሦስቴ ተጠርቶ ዝም ያለ ይሰረዛል። ተማሪ ከሆነ ዕድሜ ልኩን መረብ አጣቢ ሆኖ ይቀራል። አለቀ። «ለምን ቀረህ?» የሚል የለም።

«ዘነበች አያሌው!» አለ ጠሪው።

ዘነበች የፈትለ የልብ ጓደኛ ናት። ግን አልመጣችም፤ ተራዋ ስለሆነ ከእናቷ ጋር የጉም መረብ እያጠበች ነው። መረቡ ጉሙን ይዞ ውኃ ያደርገዋል፣ አፋፍ ያሉት ይጠጡታል። ለዚህ ነው የታች ልጆች የመረብ ተራ ደርሶት ለቀረው ጓደኛቸው «አቤት» የሚሉለት። ፈትለማ በዚህ ማን ይችላታል! የማንንም ድምፅ ታመጣዋለች፤ ዘነበችን ብትሆን እናቷ እንኳ አትለይም።

ዛሬ ግን ቆሎው ጉድ አደረጋት።

«ዘነበች አያሌው!» ሁለተኛ።

ፈትለ ቶሎ ልውጥ ስትል ትን አላት። መሰላሉን አቅፋ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳለች። ሦስተኛው ተጠራ። በቃ፣ ዘነበች አለቀላት።

«አቤት!»

ድምፁ የዘነበች ነው፣ ያው ሻከር ያለው። የወጣው ግን ከራሱ ከጠሪው ሆድ ነው።

ሰልፉ ሁሉ ወደ ጠሪው አንጋጠጠ።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ አልጣሽ ፈትለን ቢሮ አስገቧት። ልጆቹ ከጀርባቸው «ወይዘሮ እሺ» ይሏቸዋል፤ ማዕከሉ ላዘዘው ሁሉ እሺ ስለሚሉ።

«ምን አደረግሽው?»

«ወለወልኩት።»

«ፈትለ!»

«እውነቴን ነው ቲቸር! እኔ ጆሮውን ነው የጠረግሁት፤ አፉን ማን ነካው?»

ወይዘሮ አልጣሽ የድሮ ጥሪዎችን ከፍተው አደመጡ። በአንዱ ልጅ ፈንታ ሌላው፣ በሌላው ፈንታ ሌላው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት። ቀስ ብለው ፈገግ አሉ።

«እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁት። ስም ሲጠራ ባለቤቱ ከሌለ ያለው ሰው አቤት ይላል ብሎ ያዘው። እንዲህ ቶሎ የሚገባው ተማሪ ለእኔ ደርሶኝ አያውቅም።»

ማዕከሉም ነቅቶ ኖሯል። ረፋዱ ላይ ተቆጣጣሪው አቶ ዳምጠው ከአፋፍ በአሳንሰር ወረዱ። ጉም አልለመዱም፤ ገና ከበሩ «እህህ፣ እህህ» ይላሉ።

«እጥበት ይደረግለታል» አሉ። እጥበት የማሽን ትዝታ መፋቅ ነው። «ከዚያ እንደገና ይጠራል፤ የሌለ ይሰረዛል። ሕጉ የርዕሰ መምህር እሺታ ይፈልጋል። እሺ ይበሉና እንጨርስ፣ እህህ።»

«እሺ ይበሉና እንጨርስ፣ እህህ» አለች ፈትለ ከበሩ ኋላ በራሳቸው ድምፅ። የተሰበሰቡት ልጆች አፋቸውን አፍነው ሳቁ። እሷ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ወይዘሮ እሺ አሁን እሺ ሊሉ ነው፤ ዘነበችም ልትሰረዝ ነው።

«ሰልፉን ልጆቹ መረብ አጥበው ሲመጡ ላድርገው ብዬ ስንቴ ለመንኩ?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

«የሰልፍ ሰዓት የሚወስነው ማዕከሉ ነው።»

«ታዲያ እኔ ለምንድን ነው እዚህ የተቀመጥኩት?»

«እሺ ለማለት።»

«ዛሬ ጠዋት ፊትዎን የታጠቡበት ውኃ ማን ካጠበው መረብ መጣ?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«እምቢ» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

በሩን ተደግፋ የነበረችው ፈትለ ከበሩ ጋር ወደ ውስጥ ዘው ብላ ወደቀች።

አቶ ዳምጠው ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። «እንግዲያው የእርስዎንም ድምፅ ዘግቻለሁ! ስምዎ ይጠራል፤ ራስዎ ቢመልሱ እንኳ አይሰማም!»

ሁሉም ግቢ ወጣ። ጉሙ እስከ ጉልበት ደርሷል።

«አልጣሽ ደርቤ!» አለ ጠሪው።

ወይዘሮ አልጣሽ «አቤት» አሉ። ድምፃቸው ጆሮው ላይ ተዘግቷልና ጠሪው አልሰማም።

«አቤት!» አለች ፈትለ። «አቤት!» አለ ሰልፉ። «አቤት!» አሉ እስከ ክርናቸው ርሰው ከመረቡ የሚመለሱት፤ ዘነበች ከፊት ናት። በመጨረሻም ጠሪው ራሱ፣ በወይዘሮ አልጣሽ ድምፅ፣ ከሆዱ «አቤት» አለ። አረንጓዴው መብራት በራ። ተገኝተዋል።

አቶ ዳምጠው ሊጮሁ አፋቸውን ሲከፍቱ ጉሙ ሰተት ብሎ ገባ። ሳሉ፣ ሳሉና ድምፃቸው ጥርቅም አለ። ያን ጊዜ ደግሞ አራት ሰዓት ሞላ፤ ማዕከሉ የራሱን ሠራተኞች ባሉበት የሚያስጠራበት ሰዓት።

«ዳምጠው ሽበሺ!»

«ኽኽ» አሉ አቶ ዳምጠው። ይህን ድምፅ ማዕከሉ አያውቀውም። ጠሪውም ከግቢው ሰዎች ውጭ የሌላውን ድምፅ ማስመሰል አልተማረም።

«ዳምጠው ሽበሺ!»

«ይበላቸው!» አለ አንድ ልጅ። «ይሰረዙ!»

ፈትለም ደስ ብሏት ነበር፣ ዓይናቸውን እስክታይ። ያንን ዓይን ታውቀዋለች፤ አርፍዶ፣ ስሙ ሲጠራ እየሰማ በደረጃ የሚሮጥ ልጅ ዓይን ነው።

«ዳምጠው ሽበሺ!»

«አቤት!» አለች ፈትለ፣ ቁርጥ በእሳቸው ድምፅ። «እህህ» የሚለውንም ጨምራበት።

አረንጓዴው በራ። አቶ ዳምጠው በሹክሹክታ «ለምን?» አሉ።

«ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎት» አለች ወገቧን ይዛ። «እዚህ ግቢ ስም ተጠርቶ ዝም አይባልም። ይሄ ለማሽኑ እንኳ ገብቶታል።»

አቶ ዳምጠው አሳንሰሩ ውስጥ ገቡ። ላይ ምን ብለው እንደተናገሩ እስካሁን የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ማዕከሉ በለመደው ሰዓት «ጥራ» ብሎ አዘዘ። ወይዘሮ አልጣሽ ጠሪውን በገዛ እጃቸው አጥፍተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። መረቡ ታጥቦ አልቆ የመጨረሻዋ ልጅ እየተንጠባጠበች ስትገባ ተነሥተው ጠሪውን መልሰው አበሩና ደወሉን መቱ።

«ዘነበች አያሌው!»

«አቤት!» አለች ዘነበች፣ በራሷ አፍ።

ፈትለም ሥራ ፈታ ቆሎዋን ቆረጠመች።