በእንዶድ የታጠበው ጋቢ

«አንቺ እንኳ ከተማ ነው የምትማሪው። እስቲ ንገሪኝ፣ እዚያ እናትሽን ማን ይይዛታል?»

ወንጌላዊት ወንፊቱን እንደያዘች ቀረች። ለአራስ ገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት እየነፋች ነበር፤ አያቷ እማማ የትነበርሽ ይህን ሲጠይቋት ከጠዋት ወዲህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መካነ ብርሃን ከተማ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። በጤና ጣቢያው በር በቀን ሁለቴ ታልፋለች። የበሩን ቀለም ታውቀዋለች፣ ዘበኛውንም ታውቀዋለች። እውስጥ አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ጀርባዋን የሚደግፋት ማን እንደሆነ ግን አታውቅም።

«እንጃ፣ እምዬ» አለች።

«እንጃ!» አሉ አያቷ። «እንጃ በሚባልበት አገር ልጄን ልሰድ!»

ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። መኪና ባልነበረበት ዘመን ታናሽ እህታቸው ይርገዱ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ስትወሰድ፣ ደባርቅ ሳትደርስ መንገድ ላይ ቀርታለች። የተሸከሟት ወንዶች ነበሩ፤ እጇን የያዘ ሴት አብሯት አልነበረም። እማማ የትነበርሽ ይህን ባወሩ ቁጥር የሚያለቅሱት ለመሞቷ ሳይሆን ለዚያች ላልተያዘች እጇ ነው።

የወንጌላዊት እናት ምንዳዬ ስምንተኛ ወሯን ይዛ መደቡ ላይ ጋደም ብላለች። ለእሷ ነገሩ ቀላል ነው። ትንሹን ልጇን መዝሙርን በወለደችበት ጓዳ ትወልዳለች፤ ያን ጊዜስ ምን ሆነች?

ወንጌላዊት ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አያቷ መጀመሪያ ያዘዙት በቤቱ ውስጥ የታሰረ ነገር ሁሉ እንዲፈታ ነው። የታሰረ ነገር ካለ ምጥ ይጠናል ይላሉ። ሴቶቹ መቀነታቸውን ፈቱ፣ የአያቷ ሳጥን ተከፈተ፣ የወንጌላዊት ሹሩባ እንኳ አልቀረም፣ ተፈታ። የጥጃዋም ገመድ ተፈትቶ አባቷ ፋንታሁን ልጁ እስኪወለድ ድረስ በገብሱ ማሳ ውስጥ ጥጃ ሲያባርር ዋለ። ጎረቤቶቹ እየተፈራረቁ የእናቷን ጀርባ ደገፉ፣ ጉልበቷን ያዙ፣ ላቧን ጠረጉ። «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው ድምፅ ከአሥር አፍ ወጥቶ እንደ አንድ ሰው ድምፅ ሆኖ ጓዳውን ሞላው። ከዚያ መዝሙር አለቀሰ፤ እልልታው ቀለጠ። ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤው ፈሶበት መጣ፣ ሁሉም ከአንድ ገበታ በላ፤ እሷም በእናቷ እግር ሥር ቁጢጥ ብላ ማንኪያውን ላሰች።

መካነ ብርሃን በተከራየችው ብርድ ቤት ውስጥ፣ ከዓርብ በፊት ስንቃቸው ያለቀ ዕለት፣ ለጓደኞቿ የምታወራው ይህንኑ ነው። እነሱም ደጋግመው ያስወሯታል፤ በጥጃዋ ይሥቃሉ፣ በገንፎው ምራቃቸውን ይውጣሉ። እዚያ ላይ ታቆማለች። ከዚያ ያለፈውን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሲስተር ዓይናለም መጣች። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት፤ በወር አንድ ቅዳሜ ነፍሰ ጡሮችን በየቤታቸው እየዞረች ታያለች። መዝሙር ቦርሳዋን ሲያይ ከእህቱ ጀርባ ተሸጎጠ።

«መርፌ ይዛለች?»

«ቢኖራትስ፤ አንተን አይደለም የምትወጋው።»

«አታካብጂ፣ አልፈራሁም» አላት፤ ቃሉን የተማረው ከራሷ ነው። ቀሚሷን ግን አልለቀቀም።

ሲስተር የምንዳዬን ሆድ ዳበሰች፣ የደም ግፊቷን ለካች፣ ካርዷን አውጥታ ትጠይቅ ጀመር። የሚመልሱት አያቷ ናቸው። ዕድሜዋን፣ የወለደቻቸውን ልጆች፣ ሁሉንም። ቀጥሎ ሲስተር ብዕሯን ከካርዱ ሳታነሳ ባለፈው ስትወልጂ ደም በዝቶብሽ ነበር ወይ አለቻት።

«እኔ እንኳ መጨረሻውን አላስታውሰውም» አለች ምንዳዬ። «እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ሸጋ ምጥ ነበር» አሉ እማማ የትነበርሽ ቶሎ ብለው። «ማርያም ፈጥና ደርሳላታለች።»

ሲስተር ጻፈች። እንግዲህ ምንዳዬ ምጡ ሲጀምራት ወደ ጤና ጣቢያው ትመጣለች አለች፤ ደም በዝቶባት ቢሆን ኖሮ ከአሁኑ በጤና ጣቢያው ግቢ ያለው እናቶች ማቆያ ገብታ ቀኗን መጠበቅ ነበረባት፣ ሰኔ ሲገባ ወንዙ አያሻግርምና። አያቷ በረጅሙ ተነፈሱ። ወንጌላዊት ግን መንፋቷን ተወች።

እንቅልፍ አልነበረም። እልልታው እንዳበቃ፣ ሴቶቹ ገንፎ ሊያገነፉ ወደ ማድቤት ሲወጡ፣ አያቷ ነጩን ጋቢ አምጪ አሏት። አመጣች። ጋቢው ነጭ ሆኖ አልቆየም። አያቷ በሁለት እጃቸው የእናቷን ሆድ ተጫኑ፤ የእናቷ ከንፈር አመድ መሰለ። ስትጠራት አልሰማቻትም። ዓይኗን እስክትገልጥ ያለፈው ጊዜ ምን ያህል እንደነበረ ወንጌላዊት ዛሬም መገመት አትችልም። በማግስቱ አያትና የልጅ ልጅ ወንዝ ወርደው ጋቢውን በእንዶድ አጠቡት። ሦስት ጊዜ። ውኃው ቀልቶ ወረደ፣ የጋቢው እድፍ ግን አልለቀቀም። እናትሽ ከሰማች ሁለተኛ መውለድ ትፈራለች፣ ይህ በእኔና በአንቺ ይቅር ብለው አያቷ አስማሏት። ጋቢው ከዚያ ወዲህ አልታየም።

ምስጢሩን ስድስት ዓመት ሙሉ ይዛዋለች። አያቷ ሲዋሹ ከዛሬ በፊት አይታ አታውቅም። አሁንም ቢሆን የዋሹት ልጃቸውን ከእጃቸው ላለማውጣት እንደሆነ ይገባታል፤ አያትን በሲስተር ፊት ማሳፈር ደግሞ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቃለች። ዱቄቱን አየች። ያን ቀን የተፈቱትን መቀነቶችና የጥጃዋን ገመድ አሰበች። ታስሮ የቀረው ይኼ ብቻ ነው።

ሲስተር ካርዱን አጥፋ ለመነሣት ስትል ወንጌላዊት ወንፊቱን መሬት አስቀመጠች።

«ሲስተር፣ የጻፉትን ይሰርዙት።» ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «ደም በዝቶባት ነበር። እንቅልፍ አልነበረም። ጠርቻት አልሰማችኝም።»

ምንዳዬ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«እማ?» አለች ወደ እናቷ ዞራ።

እማማ የትነበርሽ መሬት መሬት ያያሉ። ወንጌላዊት ቁጣውን ጠበቀች፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሲስተር ካርዱን ዘርግታ የጻፈችውን ሰረዘች፤ ማንንም አልወቀሰችም። ምንዳዬ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ልጅ በለሆሳስ ጠየቀች፦

«እዚያስ ማን ይይዘኛል?»

«አንቺ የመረጥሽው አንድ ሰው ከጎንሽ ይቆማል» አለች ሲስተር። «ገንፎውንም እዚያው ግቢ ታገነፋላችሁ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ።»

ምንዳዬ ከእናቷ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

እማማ የትነበርሽ ተነሡ። ከመቀነታቸው ጫፍ ቁልፍ ፈትተው ጓዳ ገቡ፤ የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ሲመለሱ አንድ የታጠፈ ጋቢ ይዘው ነበር። ዘርግተው በምንዳዬ ጭን ላይ አኖሩት። መሐሉ ላይ የሻይ ቀለም የመሰለ ሰፊ እድፍ አለበት። ሲስተር አየችው፣ ምንዳዬም አየችው፤ እጇን እድፉ ላይ አሳረፈች።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የተነፋውን ዱቄት ስልቻ ውስጥ ጨመሩ። አፉን አሰሩና እንደገና ፈቱት፤ በነጠላቸው ጠቅልለውም በጀርባቸው አዘሉት። ወንጌላዊት ልታግዛቸው እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿን ያዝ አደረጓት፣ ጠበቅ አድርገው፣ ከዚያ ለቀቋት። በትራቸውን ከግድግዳው አነሡ። ከደጁ በስተግራ ያለው መንገድ ጋቢውን ወዳጠቡበት የወንዝ ዳር ይወርዳል፤ በስተቀኝ ያለው ወንዙን ከላይ ተሻግሮ ወደ መካነ ብርሃን፣ ወደ ጤና ጣቢያው ይወስዳል። የሳጥኑን ክዳን እንደተከፈተ ትተው ወጡና ወደ ቀኝ ታጠፉ።