ስምንት ጆንያ አፈር

የጭራሮ እናት አንዱን የክሪሳንተመም አበባ በግራ እጇ ከግንዱ ይዛ ሳብ ስታደርገው ምንም ሳይታገላት ከመሬት ወጣ። ሥሩ ጠቁሯል፤ የከረመ ውሃ ይሸታል። ሁለተኛውን ሳበች፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ ቀና ብላ በግቢው ማዶ የውሃ ጎማ ወደሚጠቀልሉት ሽማግሌ አየች።

«አሰመጧቸው» አለች። «እኚህ ሰውዬ አበቦቼን አሰመጧቸው።»

ጭራሮ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ጭራሮ ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፣ ከቅጥነቷ የተነሳ፤ ውሎ አድሮ ቤትም ውስጥ ስሟ ሆኖ ቀረ። እናቷ የሆስፒታሉ አትክልተኛ ስለሆነች ከትምህርት ቤት ስትወጣ በዚያ በኩል አልፋ አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። የዚያን ቀን ግን ወደ እናቷ አልቀረበችም። አበቦቹን ማን እንደገደላቸው ታውቃለች።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው እናቷን ቢሮ ጠርተው፣ ከሕሙማን ክፍሎች መስኮት ፊት ለፊት ያለው መደብ በክሪሳንተመም ካማረላት ቋሚ ቅጥሯን እንደሚያስጨርሱላት ነገሯት። ስድስት ዓመት በጊዜያዊነት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ ያን ቀን ማታ እያንጎራጎረች ቤት ገባች። ሳምንት ሳይሞላው ከመሰላል ወድቃ ቀኝ እጇ ጄሶ ገባ። አፈር የማምጣቱ ሥራ በጭራሮ ላይ ወደቀ።

እናቷ አፈር አመራረጡን በጥንቃቄ አሳየቻት። በግራ እጇ እርጥብ አፈር ጨብጣ መዳፏን ከፈተች።

«ስትጨብጪው መያዝ አለበት፣ በጣትሽ ስትነኪው ደግሞ መፈርፈር። አልያዝም ካለሽ አሸዋ ነው፤ ውሃው ሾልኮ ይሄዳል። አልፈረፈርም ካለሽ ዋልካ ነው፤ ውሃ ያቁርና ሥሩን ያበሰብሰዋል። ክሪሳንተመም እግሩ ረጥቦ ማደር አይወድም።»

ትክክለኛው አፈር ያለው ከድልድዩ ማዶ ከዛፎቹ ሥር ነበር፤ ለዓመታት ቅጠል የበሰበሰበት፣ ልል፣ ቡኒ አፈር። የሚያስፈልገው ስምንት ጆንያ ነው፤ በእጅ ጋሪ አራት ምልልስ።

ጭራሮ አንዴ ብቻ ተመላለሰች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ቡድን ተጫዋቾች የሚመረጡበት ነበር፤ ሁለት ጆንያ አምጥታ ሰዓቷን ስታይ ጊዜ እንደማይበቃት ገባት። ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ለአዲሱ ሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ የወጣ ጥቁር አፈር ተከምሯል። ስድስቱን ጆንያ ከዚያ ሞላች። መደቡ ውስጥ ጥቁሩን ከሥር ደፍታ ቡኒውን ከላይ አለበሰችው። እናቷ መጥታ ከላይ ዘገነች፣ ጨበጠች፣ በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው፤ ተፈረፈረ።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለቻት።

ጭራሮ ወደ ሜዳው በረረች። አሠልጣኙ ግን አላሰለፋትም፤ ከሜዳው ዳር ቁጭ እንዳለች ጨዋታው አለቀ።

ችግኞቹ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ፤ እንቡጥም ያዙ። ዝናቡ ሲደጋገም ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ተልፈሰፈሱ።

አበቦቹን የሚያጠጡት ሽማግሌ «አባባ ጎማ» ይባላሉ። ጎማውን ትራስ አድርገው ነው የሚተኙት እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እንደ እናቷ ጊዜያዊ ናቸው። ኃላፊው ጠርተው ሲጠይቋቸው በቀን አንዴ፣ ያውም ዝናብ ባልጣለ ቀን ብቻ እንዳጠጡ ተናገሩ። እናቷ ደግሞ አፈሩን በገዛ እጇ እንደፈተነችው ማለች። ጭራሮ ያን ሁሉ ከእናቷ አፍ ሰማች፣ ራቷንም በላች፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በወሩ መጨረሻ የአባባ ጎማ ውል ሳይታደስ ቀረ። እናቷ መደቡን እንደገና እንድትተክል ተፈቀደላት።

የእናቷ ጄሶ ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን ጭራሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ መደቡ ተገላብጦ አገኘችው። ጥቁሩ አፈር በአካፋ እየተቆረሰ እንደ ጡብ ዳር ላይ ተደርድሯል። እናቷ አልጮኸችባትም። ከየት እንዳመጣችው ብቻ ጠየቀቻት። ጭራሮ ስለ ክምሩም፣ ስለ ኳሱም፣ ሁሉንም ዘረገፈችው።

«ለኃላፊው እንንገራቸው፣ እማዬ። አባባን ይመልሷቸዋል።»

«ከዚያስ?» አለች እናቷ። «በእጄ ፈትኛለሁ ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዬ ፊርማ እየጠበቀ ነው። አርፈሽ ዝም በይ።»

ጥቁሩን በጋሪ እየጫኑ አወጡት። ቡኒውን ከድልድዩ ማዶ አመጡ። አራቱንም ምልልስ አብረው ተመላለሱ።

ቅዳሜ ጭራሮ አጠያይቃ አባባ ጎማ ቤት ሄደች። ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ገና ሳትቀመጥ ስለ እናቷ እጅ ጠየቋት። ጄሶው እንደተፈታላት ስትነግራቸው ፈጣሪን አመሰገኑ።

«ይቅርታ ጠይቂልኝ» አሉ። «ያኔ ተሟገትኩ እንጂ ኋላ ሳስበው መርሳት ጀምሬያለሁ። አንዴ ያጠጣሁ እየመሰለኝ ሁለቴ ሦስቴ አጠጥቼ ይሆናል። ልጄም ይህንኑ ነው የምትለኝ። አሁንማ ብቻዬን መንገድ እንዳልሻገር ከልክላኛለች።»

ጭራሮ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እርስዎ አይደሉም፣ አባባ። መጥፎ አፈር ያመጣሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አልረሱም።»

ሽማግሌው ቢላውን አስቀምጠው አዩዋት፤ ፈገግ አሉ።

«ጥሩ ልጅ ነሽ» አሉ። «ሽማግሌ ለማጽናናት ብለሽ ይሄን ሁሉ መንገድ መጣሽ።»

ደግማ ደጋግማ ነገረቻቸው። እሳቸው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት፤ ግን አላመኗትም። ስትሄድ እስከ መንገዱ ሊሸኟት ተነስተው፣ አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንድ መኪና እንኳ አልነበረም። እሳቸው ግን ግራና ቀኝ አይተው ሊሻገሩ አልደፈሩም።

ሰኞ ጠዋት ጭራሮ ትምህርት ቤት አልገባችም። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች የኃላፊው ቢሮ በር ላይ ቆመች። ጸሐፊዋ ኃላፊው ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነግራት ጉዳይዋን ጠየቀቻት።

«አባባ ጎማ የተባረሩበት ነገር ነው።»

ጸሐፊዋ ከወረቀቷ ቀና አለች። «አንቺ የአትክልተኛዋ ልጅ አይደለሽ? ለምን ከእናትሽ ጋር አትመጪም?»

ከመስኮቱ ውጭ እናቷ ተንበርክካ አዲሶቹን ችግኞች እየተከለች ነበር፤ በሁለቱም እጆቿ አፈሩን በየሥራቸው ዙሪያ ታስጠጋለች።

«እሷ አትመጣም» አለች ጭራሮ፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።